ስታር 93፣ ሜዴአ እና "ከባድ" ክላሲካል፦ ሰዉ ነው ያልገባው ወይስ እነሱ ናቸው ያላስገቡት?

ዳላስ_ባሪቶን፦
ሰላም ጓዶች። ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስታር ኦፍ ኢንዲያና የሚባለው ድራም ኮር (ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሰ ብራስና ከበሮ የሚጫወት የወጣቶች ተወዳዳሪ ቡድን) በ1993 ያሳየውን ሾው ከፍቼ ሳይ አመሸሁ፣ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሜዴአ። (ሚዲያ አይደለም ሜዴአ፣ የግሪኳ ሴትዮ፣ ባሌ ከዳኝ ብላ የገዛ ልጆቿን የገደለችው።) ሙዚቃው የሳሙኤል ባርበር እና የቤላ ባርቶክ ነው፣ ቤት ውስጥ በስፒከር ስትከፍተው ሚስትህ "ኧረ ዝጋልን" የምትልህ ዓይነት። ያኔ ስታዲየም ውስጥ አንዱ ቆሞ ሲያጨበጭብላቸው ሌላው ቡ እያለ ይጮህባቸው ነበር። ልጆች ላይ! ሰመሩን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሳቸው የከረሙ ልጆች ላይ! ፋይናሉን ካዴትስ የሚባለው ኮር 97.4 እነሱ 97.3፣ በ0.1 ተበልተው ሁለተኛ ወጡ፣ ከዛ ኮሩ እንዳለ ከዲሲአይ (የድራም ኮር ውድድሩን ከሚያዘጋጀው ድርጅት) ወጥቶ ወደ መድረክ ሾው ገባ፣ ያ ነው በኋላ ብላስት ሆኖ ብሮድዌይ ደርሶ በ2001 ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት የወሰደው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ዛሬ ያንን ሾው የሚጠላ የኮር ሰው በመብራት ፈልጋችሁ አታገኙም። የጮኸው ሰው ሁሉ የት ገባ? ወይስ ደጋፊ ማለት ሁሌ 20 ዓመት ዘግይቶ የሚገባው ነው?

ስኔር_ብቻ፦
የጮኸው ሰው እዚህ አለልህ፣ እኔ ነኝ ሃሃሃ። ያኔ አልተወለድኩም ግን ብኖር እጮህ ነበር።

ግልፅ ልሁንልህ ወንድሜ፣ እኔ ቲኬት የምገዛው ድምፁ ደረቴ ላይ እንዲመታኝ ነው። ሶስት ሰዓት ነድቼ ፓርኪንግ ከፍዬ የጋለ ብረት ላይ የምቀመጠው አንዱ መሬት ላይ ሲንከባለል ሌሎቹ ሁለት ኖታ ነፍተው ዝም ሲሉ ለማየት አይደለም። ማዲሰን ስካውትስ የሚባለው ኮር በ1988 ማላጌኛ የሚባለውን ዜማ ሲነፋ ማንም ሰው ወረቀት ገልጦ ማንበብ አላስፈለገውም፣ ገባው፣ ጮኸ፣ እነሱም አሸነፉ በቃ። ሾውህን ለመረዳት የግሪክ ተረት ማወቅ ካለብኝ ጥፋቱ የኔ ነው እንዴ?

ቀበና_ዴንቨር፦
ይቅርታ ጥያቄዬ የመሃይም ሊሆን ይችላል። ይሄ የሃይስኩል ጨዋታ ላይ ሃፍታይም የሚወጣው ማርሺንግ ባንድ አይደል እንዴ? ባርበር ባርቶክ ምናምን ከየት መጣ?

የሜሎፎኗ፦
አይደለም ቀበና፣ ዘመድ ነው ግን ሌላ ነው። ክላርኔት የለም ሳክስፎን የለም፣ ብራስና ከበሮ፣ ከዛ ባንዲራና የእንጨት ጠመንጃ ወደ ሰማይ የሚወረውሩት ከለር ጋርዶች። ከ150 በላይ ልጅ ነው አንድ ኮር፣ ከ21 22 ዓመት በላይ የለም፣ ኤጅ አውት ታደርጋለህ ይሉታል። ኦዲሽን ተፈትነህ ነው የምትገባው፣ ብዙ ሺ ዶላር ደግሞ ትከፍላለህ (አዎ አንተ ነህ ከፋዩ፣ እናቴ ይሄን ስትሰማ የተናገረችውን እዚህ አልፅፈውም)፣ ከዛ ሰመሩን ሙሉ በአውቶብስ እየዞርክ የትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ እየተኛህ ኦገስት ላይ ኢንዲያናፖሊስ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ለፋይናል ትደርሳለህ። ይሄ ሁሉ ለ11 12 ደቂቃ ሾው! ሃፍታይም ላይ ሰዉ ሆት ዶግ ሊገዛ ይነሳል፣ እዚህ ግን ፉትቦል የሚባል የለም፣ ሰዉ የመጣው ለነሱ ብሎ ነው።

ክላሲካሉም የትናንት አይደለም። ፋንተም ሬጅመንት የሚባሉት የሮክፎርድ ኢሊኖይ ኮር ከ70ዎቹ ጀምሮ ስማቸው የተሰራው በሱ ነው፣ የዋግነርን የኤልሳን ሰልፍ ሲነፉ አዋቂ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። በ1989 የድቮርዣክን አዲሱ ዓለም፣ በ1996 ሾስታኮቪች ብቻ ነፍተው ከብሉ ዴቭልስ ጋር እኩል አንደኛ ወጡ። ስለዚህ ስኔር ክላሲካል አልወድም ካለ ውሸቱን ነው፣ ፋንተምን ሲወድ ሰምቼዋለሁ።

ስኔር_ብቻ፦
ፋንተም ሌላ ነው እህቴ። ፋንተም ዜማ አለው። ስገባ ባላውቀውም ስወጣ እያንጎራጎርኩ ነው የምወጣው። ሜዴአን አንጎራጉሪልኝ እስቲ?

ዳላስ_ባሪቶን፦
የመጨረሻውን አንጎራጉርልሃለሁ ጎረቤት ፖሊስ ካልጠራ ሃሃ

ግን መሳሪያውንም እናስብ እንጂ። ያኔ እንደዛሬው ትራምፔት ቱባ የለም፣ ሁሉም በጂ የተቃኘ ቡግል (የወታደር ጥሩምባ) ነበር። ሶስት ቫልቭ (ኖታ ለመቀየር በጣት የሚጫኑት) ራሱ የተፈቀደው በ1990 ነው፣ ከዛ በፊት ሁለት፣ ድሮ ድሮማ ከዛም ያነሰ፣ ማለትም አንዳንዱ ኖታ ጭራሽ መሳሪያው ላይ የለም። እነ ፋንተም ዋግነርን የነፉት ባልተሟላ መሳሪያ ነው፣ አራንጀሩ (ሙዚቃውን ለኮሩ የሚያስማማው ሰው) የሌለውን ኖታ ለሌላ ሰው እያከፋፈለ ነው የሚያስነፋው። በየትኛውም ኪይ የተሰራ ብራስ የተፈቀደው ከ2000 ወዲህ ነው። እና ስታር ሶስት ቫልቭ ካገኘ በሶስተኛው ዓመት ባርቶክን አወጣ። ባርቶክን! መኪና ከተማረ ገና ሶስት ቀኑ የሆነ ሰው ሊማሊሞን ሲወርድ አስቡት፣ እኔ ይሄ ነው የሚያሳብደኝ።

ሰማያዊ_ሰይጣን፦
(ስሜን አይታችሁ አታማትቡ፣ ብሉ ዴቭልስ ማለት ነው፣ የኮንኮርድ ካሊፎርኒያ ኮር።)

የኛዎቹ በጃዝ ነው የሚታወቁት ግን በ2013 የስትራቪንስኪን ራይት ኦፍ ስፕሪንግ ይዘው ወጡ፣ ልክ በመቶኛ ዓመቱ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ፣ ሜይ 1913 ፓሪስ፣ ሰዉ ተነስቶ ተጯጩኾ አዳራሹ ተናውጦ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ኦርኬስትራው ሁሉ ይጫወተዋል። ስለዚህ ስኔር ብሮ የጮኸ ሰው ሁልጊዜ ታሪክ ነው የሚስቅበት።

ስኔር_ብቻ፦
ይቺን ስትራቪንስኪ የምትባል ካርድ መቼ ነው የምታስቀምጧት? የተጮኸበት ሁሉ ስትራቪንስኪ አይደለም። ሌሎች በጣም ብዙ ሰዎች ተጮኾባቸው ጩኸቱ ትክክል ሆኖ ቀርቷል፣ ስማቸውን አናውቀውም እንጂ።

እና በዛው 2013 ማን አሸነፈ? ካሮላይና ክራውን። ብሉ ዴቭልስ ሁለተኛ።

ሰማያዊ_ሰይጣን፦
ክራውን የነፋው ምን ነበር ታዲያ? ፊሊፕ ግላስ! አንስታይን ኦን ዘ ቢች! አንድ ነገር እየደጋገመ እየደጋገመ የሚሄድ፣ ያለ እረፍት ለአምስት ሰዓት የሚታይ ኦፔራ። ከዛ የከበደ ከየት ታመጣለህ? ሰዉ ግን ስታዲየሙን ሊያፈርሰው ነበር። በራስህ ላይ መሰከርክ ጌታዬ።

የሜሎፎኗ፦
እሱማ ጥሩ ነጥብ ነው። እኔ እንደውም "ከባድ" የሚለው ቃል ነው የሚያምታታን እላለሁ። ለነፊው ከባድና ለሰሚው ከባድ አንድ አይደለም። የክራውን ልጆች በዛ ፍጥነት ምላስ እየመቱ እየሮጡ ያንን ግላስ ሲነፉ ስታይ ሙዚቃ የማያውቅ ሰውም "ይሄ እንዴት ይቻላል" ብሎ ይጮሃል። ሜዴአ ላይ ደግሞ የከበደው ነገር አይታይም፣ ዝምታው ነው የከበደው። 80 ሰው እኩል ዝም ሲል ማን ያጨበጭባል?

ካዴትስም እኮ በ93 ያሸነፉት በቀላል ነገር አይደለም፣ ሆልሲንገር የሚባል አቀናባሪ ሥራ ነው፣ ነገሥታት ለጦርነት በሚወጡበት በፀደይ ወራት የሚል ረጅም ርእስ ያለው። ፍጥነቱ እብደት ነው፣ ሰዉ ግን ወደደው። ስለዚህ "ዘመናዊ ስለሆነ ተጠላ" የሚለው አያስኬድም።

ጋሽ_ቱባ፦
ሰላም ልጆች። እኔ እንኳ ብዙ ጊዜ ማንበብ እንጂ መፃፍ አልወድም።

የሜሎፎኗ ያነሳሽው ርእስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ 2ኛ ሳሙኤል 11 መጀመሪያው ላይ ታገኚዋለሽ፣ ነገሥታት ወደ ሰልፍ የሚወጡበት ጊዜ። በድሮው አማርኛ ሰልፍ ማለት ውጊያ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሰልፍ ማለት ማርች ነው፣ የዳቦ ወረፋም ሰልፍ ነው። ሳስበው ድራም ኮር ራሱ እንደዛ ነው። ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ማህበር ያቋቋመው ነገር እኮ ነው መነሻው፣ ቀስ እያለ ቲያትር ሆነ። እኔም አገር ቤት በሰራዊት ማርሽ ባንድ ቱባ ነፍቻለሁ፣ እነ አርመኑ ናልባንዲያን አርባ ልጆች ከተባሉት አርመን ሙዚቀኞች ጋር የጀመሩት መንገድ እስከኛ ደርሶ። እኛ ስንነፋ ማንም "ገባኝ አልገባኝም" ብሎ አያውቅም፣ ሰንደቅ ሲወጣ ይነሳል ሲያልቅ ይቀመጣል። እናንተ በዚህ መጣላታችሁ ራሱ ለኔ ቅንጦት ነው፣ በመልካም ነው የምላችሁ።

ዳላስ_ባሪቶን፦
ጋሼ እንኳን ፃፉ! ሰልፍ የምትለዋን አሁን ገና ነው ያስተዋልኳት፣ ይሄን ለሆነ ኮር ዲዛይነር ብንሸጠው ሾው ይወጣዋል።

የኪሩቤል_አባት፦
እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ልጄ ግን ቨርጂኒያ ሃይስኩል ድራምላይን ውስጥ ስላለ ሳልወድ በግድ የኮር ሰው ሆኛለሁ። ባለፈው ሰመር አለንታውን ፔንሲልቬኒያ ሾው ልናይ ወሰድኩት። እናቴ ከአዲስ አበባ የልጅ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ስለነበር ብቻዋን ከምትውል ብዬ ይዣት ሄድኩ፣ ጋቢዋን ደርባ ቆሎዋን ይዛ ከነዛ ጩኸታሞች መሃል ቁጭ።

አንዱ ኮር ወጣና እንግዲህ ከናንተ "ከባድ" ከምትሉት መሰለኝ ጀመረ፣ ትራምፔቱ ወደላይ ቱባው ወደታች፣ አንዱ ካንዱ አይገናኝም። እማዬ ጎንተል አደረገችኝና "ጥሩምባዎቹ ተጣልተዋል እንዴ?" አለችኝ። ከኋላችን ያሉ ሁለት የአበሻ ልጆች በሳቅ ሞቱ። ቀጥሎ የወጣው ኮር ከበሮውን ሲያወርደው ግን "እሰይ!" ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

እና እኔ ከስኔር ጋር ነኝ ለማለት ነው።

ስኔር_ብቻ፦
እማማ የኔ ጀጅ ናቸው! ጄኔራል ኢፌክት (ሾው በጠቅላላው ሰውን እንዴት እንደያዘ የሚለካው ነጥብ) ላይ ይቀመጡልኝ!

ጋሽ_ቱባ፦
አቶ የኪሩቤል አባት፣ እናትዎ ጆሮ አላቸው። ተጣልተዋል አሉ እንጂ ተሳሳቱ አላሉም። ልዩነት አለው እኮ። እኔ አንቺሆዬን ለፈረንጅ ጓደኞቼ ሳሰማ "ከቃና የወጣ ነው" ይሉኛል፣ እኛ ደግሞ ሰርግ እንዘፍንበታለን። ጆሮ የለመደውን ነው ሰላም የሚለው።

የሜሎፎኗ፦
ጋሼ ትክክል ኖት፣ ግን እኔ በሌላ በኩል ስኔርን ትንሽ ልደግፈው ነው (ስክሪንሾት አንሳ፣ ሁለተኛ አይደገምም)።

እኔ የነበርኩበት ኮር፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ዓመት በጣም የምወደውን ሲምፎኒ መረጠ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ኦሪጅናሉን ሌሊት ሌሊት እየሰማሁ ነው ስፕሪንግ ካምፕ የሄድኩት። ከዛ ሙዚቃው ሲሰጠን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ዜማው አራት ባር ይነፋና ይቆረጣል፣ ከበሮ ይገባል፣ ሌላ ሁለት ባር፣ ሲንተሳይዘሩ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ያጉረመርማል፣ ከዛ ባንዲራ ይወረወራል ሰዉ ያጨበጭባል። 40 ደቂቃ የሚፈጅ ሲምፎኒ እንደ ቅቅል ተከትፎ። በዛ ላይ ጁላይ አካባቢ ጀጆች ሾውን እያዩ አስተያየት በሚቀዱበት ቴፕ ላይ "መጨረሻው ኢፌክት ያንሰዋል" ሲሉ ያቺን ቀስ ብላ የምትጠፋዋን መዝጊያ ቆርጠው ጣሏትና በአንድ ቀን አዲስ ዶት (ሜዳ ላይ የምንቆምበትን ቦታ) አስጠንተው ትልቅ ኮርድ ላይ ቆመን እንድንጮህ አደረጉን። ነጥባችን ወጣ። እኔ ግን የዛን ቀን ጂሙ ወለል ላይ አለቀስኩ፣ የምር።

እና ሰዉ "ክላሲካል አልገባኝም" ሲል ብዙ ጊዜ ክላሲካሉን መች ሰማውና? የሰማው ፍርፋሪውን ነው። ስታር 93 ላይ የምወደው እሱን ነው፣ ፈሩ ማለት የለም፣ ዜማውን አላራዘሙም ግን አልከተፉትም፣ ውጥረቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘውት ሄዱ። ቡ የተባለበትም የተወደደበትም ምክንያት አንድ ነው፣ መተንፈሻ አልሰጡም።

ሰማያዊ_ሰይጣን፦
እሺ ግን 100 ነጥብ ውስጥ 40ው ጄኔራል ኢፌክት ነው፣ 30 ቪዥዋል 30 ሙዚቃ። ዲዛይነሩ ምን ያድርግ? ውድድር ነው፣ ኮንሰርት አይደለም። በ0.1 የተበላ ኮር ካለ እኮ በ0.025 የተበላም አለ፣ እኛ ነን፣ በ2008 ፋንተም 98.125 እኛ 98.1። እስካሁን ያቃጥለኛል።

ስኔር_ብቻ፦
2008 ስፓርታከስን አነሳህልኝ እግዜር ይስጥህ! የካቻቱሪያን ባሌት ነው፣ ክላሲካል። ግን ባሮቹ ሲያምፁ ድራም ሜጀሩን ሲገድሉት፣ "እኔ ነኝ ስፓርታከስ" ብለው ሲጮሁ ፎቁ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር አበደ። ታሪኩን ማንም ወረቀት ላይ አላነበበም፣ ዓይኑ እያየ ነው የሆነው። እንደዛ አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ ባርቶክም ቢሆን እቀበላለሁ።

የሜሎፎኗ፦
ስለዚህ የወደድከው ፊልሙን ነው እንጂ ሙዚቃውን አይደለማ።

ስኔር_ብቻ፦
ሁለቱንም! ክልክል ነው?

ቀበና_ዴንቨር፦
እኔ ዛሬ ሥራ አልሰራሁም፣ ሁሉንም ዩቲዩብ ላይ እየፈለግኩ እያየሁ ነው። ሜዴአን አየሁት። አልወደድኩትም። ግን ሁለቴ አየሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጋሽ_ቱባ፦
የሜሎፎኗ ያልሽው መከተፍ ነገር አሳስቦኛል፣ አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ማህሌት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? አቋቋም ማለት እኮ የኛ ድራም ኮር ነው፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያ፣ ሰልፍ ሰልፍ ሆኖ እየተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቁም ዜማው ነው፣ ከበሮ የለም። ከዛ ዝማሜው፣ መቋሚያ ብቻ ቀስ እያለ። ከዛ መረግዱ። ጽፋቱ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ሽብሸባው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ይደባለቃል። ልጅ ሳለሁ ጽፋት ሲደርስ ብቻ ነበር የምነቃው። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቀስ ያለውን ያልቆመ ሰው ጽፋቱን ቢሰማው ከበሮ ብቻ ነው የሚሆንበት። እናንተ ከጽፋት ጀምረው በጽፋት እንዲጨርሱ ነው የምትፈልጉት መሰለኝ።

ስኔር_ብቻ፦
ጋሼ በጣም ነው የማከብርዎት ግን ማህሌት ላይ ስኮር የሚሰጥ የለም፣ 12 ደቂቃም አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ለነዚህ ልጆች ቁም ዜማውን የሚቆሙበት ጊዜ ማን ሰጣቸው?

ጋሽ_ቱባ፦
እሱስ እውነት ነው። በ12 ደቂቃ ማህሌት አይቆምም።

ዳላስ_ባሪቶን፦
ጨዋታው እንዲህ ያምራል ብዬ አልጠበቅኩም። እኔ አሁንም አቋሜ አልተነቃነቀም፣ ቡ ማለት ነውር ነው፣ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን የሜሎፎኗ ያልሽው "መተንፈሻ አልሰጡም" የሚለው ገብቶኛል። ዛሬ ማታ ደግሜ አያታለሁ።

የኪሩቤል_አባት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሜዴአን ትልቁ ቲቪ ላይ ከፈትኩት። እማዬ ዘንድሮም መጥታ እዚሁ ናት፣ ሶፋው ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው "እነዚያ የተጣሉት ናቸው ደግሞ?" አለች። ሌሎች ናቸው ብዬ ታሪኩን ነገርኳት፣ ባሏ እንደከዳት፣ ሌላ ሊያገባ እንደሆነ፣ እሷም በንዴት የገዛ ልጆቿን እንደገደለች። "በስመ አብ" ብላ እንዝርቱን አስቀመጠችው። እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረች። ሲያልቅ "ዜማ የለውም አይደል?" አልኳት፣ ነገሩን ልሰማ ብዬ።

"ልጆቿን ገድላ በምን አፏ ታዚም?" አለችኝ።

ስኔር_ብቻ፦
ኧረ እማማ ከዱኝ!! ጀጄ ከዱኝ!

እሺ ግን አባት፣ ማላጌኛንም ያሳዩአቸው እባክዎ፣ ፍርድ ከሁለቱም ወገን ተሰምቶ ነው።

የኪሩቤል_አባት፦
ከፈትኩላት ወንድሜ፣ እሱን እያየች ፈትሏን ቀጠለች። "ደስ ይላል" ብላለች።

የሜሎፎኗ፦
ሃሃሃሃሃ ስኔር ሞተ

ቀበና_ዴንቨር፦
ዴንቨር አካባቢ ሾው የሚመጣው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አለ? ቲኬት በየት በኩል ነው የሚገዛው? አንድ ደግሞ፣ ከፊት ነው ከላይ ነው የሚሻለው መቀመጫ?

ዳላስ_ባሪቶን፦
ከላይ! ከፊት ብትቀመጥ ቅርፁን አታየውም፣ ስኔርን አትስማው፣ እሱ ከበሮው ስር ነው የሚቀመጠው።